በየዓመቱ የሚመለስ ገንዘብ፦ የፒተርቦሮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ጉዳይ

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት፣ ኮንቱኩክና ኑባኑሲት የሚባሉ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ስፍራ ፒተርቦሮ የተባለች ትንሽ ከተማ አለች። በ2020 የተደረገው ቆጠራ ነዋሪዋን ከ6,400 ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። ኤፕሪል 9 ቀን 1833 የከተማዋ ሰዎች ለጉባኤ ተሰበሰቡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለ ጉባኤ ከመንገድ፣ ከድልድይና ከትምህርት ቤት ጉዳይ እምብዛም አያልፍም። የዚያን ዕለት ግን አንድ ያልተለመደ ውሳኔ ተላለፈ። ክፍለ ግዛቱ ለከተማዋ ከሚያከፋፍለው የትምህርት ገንዘብ ከፊሉ ለትምህርት ቤቶች ይሁን፤ ከፊሉ ደግሞ መጽሐፍ ይገዛበት፤ መጽሐፉንም የከተማዋ ነዋሪ ሁሉ ያለ ክፍያ ይዋሰው ተባለ።

ፒተርቦሮ ዛሬ በታሪክ የምትነሣው በዚህች ውሳኔ ነው። ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ በሕዝብ ግብር የሚተዳደር፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነፃ ቤተ መጻሕፍት በአሜሪካ የመጀመሪያው የእኛ ነው ይላሉ። “የመጀመሪያው” የሚለው ቃል ሁልጊዜ ጭቅጭቅ አያጣውም። በኮኔቲከት ያለችው ሶልዝበሪ ለወጣቶች ቤተ መጻሕፍቷ ከከተማው ካዝና መቶ ዶላር የፈቀደችው በ1810 ነው። የፒተርቦሮ ጎረቤት ደብሊን ደግሞ በ1822 የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍታ ነበር፤ ያ ግን የቆመው በበጎ ፈቃድ መዋጮ ነው። ማን ማንን ቀደመ የሚለውን ለከተሞቹ እተወዋለሁ። እኔን የሳበኝ ሌላ ነው፤ የፒተርቦሮ ሰዎች የሠሩት አዲስ ነገር መጽሐፍ መሰብሰቡ ወይም ቤት መሥራቱ አልነበረም። በየዓመቱ የሚመለስ ገንዘብ ለመጽሐፍ መመደባቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ፣ ልጆች በዕረፍት ወራት የሚያደርጉት ጭምር፣ ከዚች ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ታሪኩ የሚጀምረው ከክርክር ነው። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዳርትማውዝ የሚባል የግል ኮሌጅ ነበር፤ አሁንም አለ። በ1816 የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኮሌጁን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲነት ለመቀየር ሕግ አወጣ። የኮሌጁ ባለአደራዎች እምቢ ብለው ተሟገቱ፤ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1819 ለኮሌጁ ተፈረደ። ክፍለ ግዛቱ ተረታ። ተረቶ ግን አልተቀመጠም፤ የራሴን ዩኒቨርሲቲ አቋቁማለሁ ብሎ በ1821 በባንኮች ካፒታል ላይ በዓመት የግማሽ በመቶ ግብር ጣለ። ገንዘቡም “የትምህርት ፈንድ” ተብሎ ለብቻው ይቀመጥ ጀመር።

ዓመታት አለፉ፤ ፈንዱ አደገ፤ ዩኒቨርሲቲው ግን አልመጣም። በመጨረሻ በ1828 ምክር ቤቱ ተስፋ ቆርጦ ገንዘቡ ለየከተሞቹ እንዲከፋፈል ወሰነ። ሕጉ ገንዘቡ ለነፃ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ማስኬጃ እንዲውል ካለ በኋላ “ወይም ለሌላ የትምህርት ዓላማ” የሚል ሐረግ ጨመረበት። ብዙዎቹ ከተሞች ሐረጉን ልብም ሳይሉት ገንዘቡን ለትምህርት ቤት አዋሉት። ፒተርቦሮ ውስጥ ግን ሕግን አንብቦ በትርፍ ቃሉ ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ነበር።

ሰውየው አቢኤል አቦት ይባላሉ። በ1765 እዚያው አካባቢ ዊልተን በምትባል ከተማ ተወልደው፣ ከሃርቫርድ በ1792 ተመርቀው፣ ኮኔቲከት ውስጥ በቤተ ክርስቲያን መጋቢነት አገልግለዋል። በእምነት አመለካከታቸው ምክንያት በ1811 ከዚያ ተሰናበቱ። ፒተርቦሮ የደረሱት በ1827 ነው፤ ዕድሜያቸው ስልሳን አልፎ፣ የዩኒቴሪያን (ሥላሴን የማይቀበል የክርስትና ወገን) ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነው። በዚያ ዕድሜ ሌላው ስለ ጡረታ ያስባል። እሳቸው ግን ለወጣቶች የሚሆን ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ፤ ነዋሪው ተሰብስቦ ንግግር የሚሰማበትንና የሚከራከርበትን ሊሲየም የሚባለውን ጉባኤም አስጀመሩ። የ1833ቱን ሐሳብ ለከተማው ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። የሞቱት በ1859፣ በ93 ዓመታቸው ነው፤ የዘሩትን ሲያፈራ ለማየት በቂ ጊዜ ነበራቸው።

የተረፈ ገንዘብ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ከተማዋ አዲስ ግብር አልጣለችም፤ ማንም ከኪሱ ተጨማሪ ሳንቲም አልተጠየቀም። አቦት ብልህነታቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሰው አዲስ ነገርን የሚቃወመው ብዙውን ጊዜ ክፍያ ሲጠየቅ ነው፤ እሳቸው በሰው እጅ ያለውን ሳይሆን በመንገድ ላይ ያለውን ገንዘብ ነው አቅጣጫ ያስቀየሩት።

ደወል ጠይቀው መጽሐፍ ያገኙት

የፒተርቦሮን ነገር በደንብ ለማየት በዚህ ነገር ከእሷ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የቀደመችን ሌላ ከተማ አጠገቧ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለች አንዲት ከተማ በ1778 ስትመሠረት ራሷን ከአሜሪካ መሥራቾች በአንዱ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም ሰየመች። ስማቸውን ከወሰድን አይቀር ብለው ለቤተ ጸሎታቸው ማማ ደወል እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ፍራንክሊን በወቅቱ ፈረንሳይ ነበሩ። በ1785 ለንደን ለሚኖሩት ወዳጃቸው ለሪቻርድ ፕራይስ ጻፉ፤ የሃያ አምስት ፓውንድ መጽሐፍ ምረጥልኝ፤ ከድምፅ ይልቅ ማስተዋል ይሻላቸዋልና ደወሉን ተዉ እላቸዋለሁ የሚል ነበር መልእክቱ። ከተማዋ 116 ጥራዝ ደረሳት።

መጽሐፉ ሲመጣ ወዲያው ጥያቄ ተነሣ፤ ማን ይዋሰው? የቤተ ክርስቲያኑ አባል ብቻ ወይስ ነዋሪው ሁሉ? ነገሩ ሲንከባለል ቆይቶ በ1790 የከተማው ጉባኤ ለነዋሪው ሁሉ ያለ ክፍያ ይሁን ብሎ ደመደመው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያምራል፤ ፍራንክሊን ከተማም የፒተርቦሮን ያህል የመጀመሪያነት ክርክር ውስጥ ትገባለች።

ግን ከመጽሐፉ መካከል ያደገ አንድ ልጅ ሌላ ምስክርነት ሰጥቷል። ሆሬስ ማን እዚያው ፍራንክሊን ውስጥ በ1796 ተወለደ፤ በኋላ የማሳቹሴትስ የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ ሆኖ በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ ከታገሉት ዋነኛው ሆነ። ስለ ልጅነቱ ቤተ መጻሕፍት ሲጽፍ፣ የታሪክና የነገረ መለኮት አሮጌ ጥራዞች የሞሉት እንደነበር፣ ለከተማው አባቶች ጣዕም ቢስማማም ለልጆች ግን ፈጽሞ የማይሆን እንደነበር ያስታውሳል። ሥልጣኑ ቢኖረኝ ዘሪ ስንዴ እንደሚዘራ ቤተ መጻሕፍትን በምድሪቱ ላይ እበትን ነበር ያለውም ይኸው ሰው ነው። የተራበው ልጅ ቁጭት አድጎ ሐሳብ ሆነ ማለት ይቻላል።

ስጦታ ስጦታ ነው፤ ክፉ የለውም። ነገር ግን 116 ጥራዝ በራሱ አይወልድም። ሰጪው የመረጠው ተመርጦ ያልቃል፤ ተቀባዩ “ይህ አይስማማኝም፣ ለሚቀጥለው ዓመት የልጆች ይምጣ” የሚልበት ቀዳዳ የለውም። በየዓመቱ ትንሽም ብትሆን የምትመለስ ገንዘብ ካለች ግን የዘንድሮ ስሕተት በከርሞ ይታረማል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ የመጽሐፉ ቁጥር አይደለም።

ከሱቅ ጥግ እስከ ጡብ ቤት

የፒተርቦሮ መጽሐፍ መጀመሪያ የተቀመጠው በአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ፖስታ ቤቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበር። ማዋሱን የያዘው የፖስታ ቤቱ ሹም ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ድህነት ምልክት ሲያወሩት እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም እላለሁ። ገበሬው ጨውና ምስማር ሊገዛ ይመጣል፤ በወንዙ ጉልበት በሚሠሩት የጥጥ ፋብሪካዎች የሚውለው ሠራተኛ ደብዳቤ መጣልኝ ወይ ብሎ ይመጣል፤ መጽሐፉ በመንገዳቸው ላይ ነው። መጽሐፍ ፍለጋ ተብሎ ለብቻው ጉዞ አያስፈልግም። ዛሬ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች “ሰው ወዳለበት እንሂድ” እያሉ በገበያና በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ሲያቆሙ፣ ሳያውቁት ወደ 1833 እየተመለሱ ነው።

ነገሩ በፒተርቦሮ አልቀረም። በ1849 ኒው ሃምፕሸር ማንኛውም ከተማ ለቤተ መጻሕፍት ግብር መሰብሰብ ይችላል የሚል ሕግ አወጣች፤ ለሁሉም ከተማ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሕግ በማውጣት ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት። አሁን በትርፍ ገንዘብና በሐረግ ብልሃት መጠቀም ቀረ፤ በይፋ መብት ሆነ። ማሳቹሴትስ በ1851 ተከተለች።

ፒተርቦሮ ራሷ ግን ለስድሳ ዓመት ለመጽሐፉ የተለየ ቤት አልነበራትም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ሲዛወር ኖረ። በ1893 የተሠራውን የጡብ ቤት የነደፈው ጆርጅ ሻተክ ሞሪሰን ነው። ሞሪሰን የቤት አርክቴክት አልነበረም፤ በሕግ ተመርቆ ሕጉን ትቶ የድልድይ መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው። በሜምፊስ ከተማ የሚሲሲፒን ወንዝ የሚሻገረው ትልቁ የባቡር ድልድይ በ1892 የተከፈተው በእሱ ሥራ ሲሆን፣ ኋላም የመካከለኛው አሜሪካ ቦይ በኒካራጓ ሳይሆን በፓናማ ይሁን ብለው ከተሟገቱት አንዱ ነበር። አባቱ የፒተርቦሮ ተወላጅ ናቸው። እንግዲህ ትልቁን ወንዝ ያሻገረ እጅ ነው ለትንሿ ከተማ መደርደሪያ ግድግዳ ያቆመው።

የ1893 ነገር አንድ ግጥምጥሞሽ አለው፤ ባላነሣው ይቆጨኛል። በ1821 የታሰበው፣ ገንዘቡ ለፒተርቦሮ መጽሐፍ የዋለው የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ቤት በመጨረሻ በ1866 የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ ተቋቋመ፤ ያውም ድሮ በተረቱበት በዳርትማውዝ ጥላ ሥር። ራሱን ችሎ ወደ ደረም ከተማ የተዛወረው በ1893 ነው፤ ዛሬ የኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ወንድሙ ለራሱ ቤት በገባበት ዓመት ቤተ መጻሕፍቱም ለራሱ ቤት ገባ።

በሃያኛው መቶ ዘመን በጡቡ ቤት ላይ ቅጥያዎች ተጨመሩ። በ2020ዎቹ መጀመሪያ ቅጥያዎቹ ፈርሰው አዲስ ክፍል ሲገነባ የሞሪሰን ቤት ተጠብቆ እንዲቆይ ተደርጓል። ለግንባታው ከከተማው ገንዘብ ሌላ የግለሰቦች መዋጮም ገብቶበታል፤ መዋጮውን ያስተባበረው ወገን ስሙን “የ1833 ማኅበር” አለ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምፈልገው አለ፤ መዋጮ ለግድግዳ ጥሩ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ አንድ ጊዜ ያልቃልና። የባለሙያ ደመወዝ፣ መብራት፣ አዲስ መጽሐፍ ግን በመዋጮ አይቆምም።

የዛሬው አገልግሎት

ኒው ሃምፕሸር የደመወዝ ግብርም ሆነ አጠቃላይ የሽያጭ ግብር የላትም። ስለዚህ የከተማ ቤተ መጻሕፍት ዋና ገቢ ከቤትና ከመሬት የሚሰበሰበው የንብረት ግብር ነው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ቤተ መጻሕፍትን በሕዝብ ለሚመረጡ ባለአደራዎች ይሰጣል። መራጩ ገንዘቡን ይፈቅዳል፤ ከተፈቀደ በኋላ ግን ምን መጽሐፍ እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚወስኑት ባለአደራዎቹ ናቸው እንጂ የከተማው አስተዳደር አይደለም። ይህ ክፍፍል ትንሽ ይመስላል፤ በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ጩኸት በተነሣ ቀን ግን ዋጋው ይታወቃል። ማን ምን እንደተዋሰ የሚያሳየው መዝገብም በሕግ ምስጢር ነው።

የትንሽ ከተማ መደርደሪያ ሁሉን አይዝም፤ መፍትሔው መጋራት ሆኗል። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ 234 ከተሞች አሉ፤ አብዛኞቹ የራሳቸው ቤተ መጻሕፍት አላቸው። የክፍለ ግዛቱ ቤተ መጻሕፍት የሚያሰማራቸው መኪናዎች በመካከላቸው እየተመላለሱ መጽሐፍ ያደርሳሉ። አንባቢው የፈለገው መጽሐፍ ፒተርቦሮ ባይኖር ከሌላ ከተማ ይጠየቅለታል፤ ቀናት ጠብቆ እዚያው ሰፈሩ ይቀበላል። በስልክና በኮምፒውተር የሚነበቡና የሚደመጡ መጻሕፍትም ቤተ መጻሕፍቶቹ በጋራ ገዝተው በጋራ ያውሷቸዋል። የሌላ ከተማ ነዋሪ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ሲፈልግ ክፍያ መጠየቁ ግን በክፍለ ግዛቱ የተለመደ ነው። “ነፃ” የሚለው ቃል ወሰን አለው፤ ወሰኑም የግብር ከፋዩ አጥር ነው። በፍራንክሊን ከተማ እስከ 1790 ሲያከራክር የቆየው “ማን ይዋሰው?” ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

የዕረፍት ወራት

ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እዚያ ሙቀት ነው፤ ለትምህርት ቤት ግን እንደኛው የክረምት ዕረፍት ነው፤ እኔም በዚሁ ስም እጠራዋለሁ። የትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግለው ሁሉንም ቢሆንም በክረምት የልጆች ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ወላጅ ሥራ ላይ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚገባበት፣ የሚቀዘቅዝ፣ ሰው የሚከታተለው ቤት ከቤተ መጻሕፍቱ ሌላ ብዙ የለም።

ዋናው ሥራ የክረምት ንባብ መርሐ ግብር ነው። ልጁ ይመዘገባል፤ ያነበበውን መጽሐፍ ወይም ያነበበበትን ደቂቃ ይጽፋል፤ በመጨረሻ ትንሽ ሽልማት አለ። የየዓመቱ መሪ ሐሳብ የሚመጣው በ1987 ከሚኒሶታ ተነሥቶ ብዙ ክፍለ ግዛቶችን ካቀፈ አንድ የቤተ መጻሕፍት ኅብረት ነው፤ ፖስተሩና የጨዋታ ሐሳቡ በጋራ ስለሚዘጋጅ ሁለት ሠራተኛ ብቻ ያላት ቤተ መጻሕፍትም ልጆቿን ባዶ እጅ አትቀበልም። የኒው ሃምፕሸር ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በክረምት ተረት ነጋሪ፣ ሙዚቀኛ፣ አሻንጉሊት አጫዋች እንዲጋብዙ ከክፍለ ግዛቱ ድጋፍ የሚያገኙበት መንገድ አላቸው።

ይህ ሁሉ ለጨዋታ ነው ወይስ ለትምህርት? ማኅበረሰብ አጥኚዋ ባርባራ ሄይንስ በአትላንታ ተማሪዎች ላይ ያደረገችውን ጥናት በ1978 አሳተመች። በክረምት ስድስትና ከዚያ በላይ መጽሐፍ ያነበቡ ልጆች ካላነበቡት የተሻለ ውጤት አሳዩ፤ ከሕዝብ ተቋማት መካከልም ከልጆች የክረምት እድገት ጋር ጎልቶ የተያያዘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተገኘ፤ የክረምት ትምህርት እንኳ የእሱን ያህል አልሆነም። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡ ልጆች በየክረምቱ አሥራ ሁለት መጽሐፍ እየተሰጠ ሦስት ክረምት ተከታተለ፤ ንባባቸው ተሻሽሎ ተገኘ። የሚገርመው መጽሐፉን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። ሆሬስ ማን ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?

በቅርቡ ደግሞ ልጆች በክረምት የሚረሱት መጠን ድሮ እንደተባለው ትልቅ ላይሆን ይችላል፣ የድሮው መለኪያ ጉድለት ነበረበት የሚሉ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። ክርክሩ አላለቀም። እኔ ግን ቤተ መጻሕፍት የፈተና ውጤት በማሻሻል ብቻ ራሱን እንዲከላከል መገደዱ ደስ አይለኝም። ሽልማቱም ቢሆን ሁለት ስለት አለው፤ በመጽሐፍ ብዛት ሲሸለሙ ቀጭን ቀጭኑን እየመረጡ የሚሮጡ ልጆች አሉ፤ ቀስ ብሎ የሚያነበው ደግሞ ያፍራል። ብዙ ቦታ ቆጠራው ከመጽሐፍ ወደ ደቂቃ የተቀየረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በደቂቃ ሲሆን ታናሽ ወንድሙን አስቀምጦ ያነበበለትም ይቆጠርለታል።

ፒተርቦሮ ለአዋቂዎችም የክረምት ነገር አላት፤ ያውም ከአቦት ዘመን ጋር የሚያያይዛት። እሳቸው ያገለገሉበት የዩኒቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በክረምት እሑዶች ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ይደረጋል፤ ስሙም የጥንቱን ሊሲየም ይዟል። ተናጋሪው ከሳይንስም፣ ከፖለቲካም፣ ከሥነ ጥበብም ይመጣል፤ አድማጩም ተነሥቶ ይጠይቃል። በ1820ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ልማድ ተቋርጦ ቆይቶ በሃያኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የነቃ ነው።

ነሐሴ ሲያልቅ የልጆቹ ወረቀት ይሰበሰባል። ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ ስንት ሰው ተረት ለመስማት መጣ ተብሎ ይደመራል። ቁጥሩ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ጥያቄ ይሆናል፤ ከዚያም በከተማው ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ፣ ከመንገድ ጥገናና ከእሳት አደጋ መኪና ወጪ ጋር በአንድ ጥራዝ ታትሞ ለመራጩ ይቀርባል። መራጩም እንደ 1833ቱ ጊዜ እጁን ወይም ድምፁን ይሰጥበታል፤ ለአንድ ዓመት ብቻ።